የመናገሻ ሱባ ፈርኖች መለያ ካርድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኔ፣ ዕቃ ማሰባሰብ

የሚሠራው ነገር፦ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ያሉትን ፈርኖች (አበባና ዘር ሳይኖራቸው ስፖር በሚባል ደቃቅ ዱቄት የሚራቡትን ተክሎች) ተማሪ በእጁ ይዞ የሚለይበት የአማርኛ ካርድ፣ ከነኪዩ። ኪይ የምለው "ይሄ አለው ወይስ የለውም" እያለ ደረጃ በደረጃ ወደ ስም የሚያደርሰውን ነው። የማስተምራቸው ልጆች ጫካ ስንወስዳቸው ጽዱን፣ ወይራውን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን ያውቁታል፣ የማያውቁትም ቶሎ ይይዙታል። ፈርን ጋ ሲደርሱ ግን ሁሉም "ፈርን" ነው፣ አለቀ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም አንድ ያረጀ ወይራ ግንድ ላይ ብቻ አራት አምስት ዝርያ ተደራርቦ ይገኛል፣ ሁሉም ከአንድ ቤተሰብ ላይሆኑም ይችላሉ።

የገዛሁት፦ 10 ጊዜ የሚያጎላ ሉፕ (ትንሽ የእጅ አጉሊ መነጽር)፣ መርካቶ የወርቅ ሠሪ ዕቃ ከሚሸጡበት፣ 700 ብር። ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ማክሮ ሌንስ 1,200 ብር። ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክሮስኮፕ 5,500 ብር። የመጨረሻው ሣጥኑ ላይ 1000 ጊዜ ያጎላል ይላል፣ በማስመሪያ ስለካው ከዛ በጣም ያነሰ ነው፣ ለሶሪ፣ ማለትም ቅጠሉ ጀርባ ላይ ላሉት የስፖር ክምችቶች፣ ይበቃል ለስፖር ግን አይሆንም። ስፖር ማየት ሲያስፈልግ የትምህርት ቤቱን ማይክሮስኮፕ እጠቀማለሁ። በጀት የሌለው ሰው ሉፑን ብቻ ይግዛ፣ አብዛኛው ሥራ በሱ ያልቃል።

ማድረቂያ ፕሬሱ ቤት የተሠራ ነው፦ 30 በ45 ሴንቲሜትር ሁለት ኮምፔርሳቶ፣ ሁለት ያረጀ ቀበቶ፣ በኪሎ የተገዛ የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ የካርቶን ቁራጭ።

ጫካውን ከሚያስተዳድሩት የጽሑፍ ፈቃድ ወስደናል። ደንባችን፦ ከአንድ ተክል ስፖር ያለው አንድ ቅጠልና ትንሽ የራይዞም ቁራጭ፣ በቃ። ራይዞም የምንለው መሬት ላይ ወይ የዛፍ ቅርፊት ላይ የሚሳበው ግንዱ ነው። ሁለት ሦስት ተክል ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ፎቶ እንጂ መቁረጥ የለም።

ሐምሌ፣ ማድረቅ

ፈርን የሚያምረው በክረምት ነው፣ ለማድረቅ የሚያስቸግረውም በክረምት ነው። ጋዜጣው ራሱ እርጥበት ይዞ ስለሚመጣ በየቀኑ ብንቀይረውም ቅጠሉ እየጠቆረ ሻጋታ ጀመረው። የሠራው መፍትሔ በየሁለት ጋዜጣው መሃል ቦይ ያለው ካርቶን ማስገባትና ፕሬሱን በጎኑ አቁሞ ቬንትሌተር በካርቶኑ ቦዮች በኩል እንዲነፍስ ማድረግ ነው። ቤት ውስጥ እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ክዳን ላይ ማስቀመጥም ሞክረናል፣ ጥሩ ያደርቃል ግን ምጣዱ በደንብ ካልቀዘቀዘ ቅጠሉ ተሰባሪ ይሆናል፣ ስለዚህ ለብ ሲል ብቻ።

ሁለት ተክሎች የተለየ ነገር ጠየቁ። አንደኛው ድሪናሪያ ቮልከንሲ፣ ዛፍ ላይ የሚበቅለው ትልቁ። ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው፦ አንዱ ቡናማ፣ ደረቅ፣ አጭር፣ ግንዱ ላይ ተለጥፎ የረገፈ ቅጠልና አፈር የሚያጠራቅም፣ ሌላው አረንጓዴ ረጅም ስፖር የሚይዝ። ራይዞሙ ወፍራም ስለሆነ በቢላ ለሁለት ካልተሰነጠቀ አይደርቅም። ሌላው ፕሌዮፔልቲስ ማክሮካርፓ፣ ቅጠሉ ያልተከፋፈለ ቀጥ ያለ ትንሽ ነው። ፕሬስ ውስጥ ከርሞ ስንከፍተው አረንጓዴ እንደሆነ ነው፣ አልሞተም። በጋ ላይ ዛፉ ላይ ተጠቅልሎ ደርቆ ሲዘንብ እንደገና የሚዘረጋ ተክል ስለሆነ ድርቀት አይገድለውም። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ አድርጎ ከዛ መጫን ነው።

ሌብል ላይ የሚጻፍ፦ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ምን ላይ እንደበቀለ፣ ዛፍ ላይ ከሆነ የዛፉ ስም፣ የሰብሳቢው ስም። ምን ላይ እንደበቀለ የሚለውን ማንም ይዘለዋል፣ ኋላ ግን ከስንት ነገር የሚያድነው እሱ ነው፣ አለት ላይ ነው ወይስ ጅረት ዳር ነው ወይስ ወይራ ላይ የሚለው ምርጫውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ነሐሴ፣ ፎቶ እንዴት ይነሳ

ልጆቹ በስልካቸው ያነሱትን ብዙ ፎቶ ላኩልኝ። ሁሉም ከላይ የተነሳ ነው፣ የሚያምር አረንጓዴ ቅጠል። ከዛ ፎቶ ብዙውን መለየት አይቻልም። የአንዱኑ ተክል ከላይ የተነሱ ሦስት ፎቶዎች ለመለያ አፕ ሰጥተነው ሦስት የተለያየ ስም አመጣ፣ ጀርባውን ስንሰጠው ግን ቢያንስ ጂነሱን (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የጋራ ስም የሆነውን) አገኘው። አፑን አልወቅሰውም፣ የፈርን ቅርጽ ከላይ ሲታይ በማይዛመዱ ቤተሰቦች መሃል ይደጋገማል፣ መልኩን የሚሰጠው ጥላና እርጥበት ነው እንጂ ዝምድና ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተክል አምስት ፎቶ ብለን ወሰንን፦ ሙሉ ተክሉ ካለበት ቦታ ጋር፣ የቅጠሉ ፊት፣ የቅጠሉ ጀርባ ሙሉው፣ ጀርባው ላይ ያሉት የስፖር ክምችቶች ማለትም ሶሪ በሉፕ በኩል፣ እና የዘንጉ ሥር ከነቅርፊቶቹ። አምስተኛው በጣም ይረሳል። የዘንጉ ሥር ላይ ያሉት ቡናማ ቅርፊቶች ቀለማቸው፣ ጫፋቸው፣ ጥርስ አላቸው የላቸውም፣ ይሄ ሁሉ ኪይ ውስጥ ይገባል። ሌላ የለመድነው ነገር ዘንጉን ከሥሩ በምላጭ ቆርጦ ቁራጩን በሉፕ ማየት ነው፣ ለምን እንደሆነ ጥቅምት ላይ ጽፌዋለሁ።

ስፖርም መሰብሰብ ጀመርን። ሶሪው የበሰለ ቅጠል ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ ነጭ ኤፎር ላይ ማስተኛት፣ ላዩ ላይ መጽሐፍ መጫን፣ ንፋስ የሌለበት ማሳደር። ጠዋት የቅጠሉ ቅርጽ በቡናማ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። ያ ሁሉ ግን ስፖር አይደለም፣ ግማሹ የስፖር ከረጢቱ ልጣጭ ነው። ወረቀቱን ዘንበል አድርጎ በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ልጣጩ ይንሸራተታል፣ ስፖሩ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ልጆቹ በጣም የወደዱት ግን ሶሪውን በማይክሮስኮፕ እያዩ መብራት ማስጠጋቱን ነው፦ ሙቀቱ ሲያደርቀው ከረጢቱ ላይ ያለው ወፍራም ቀለበት ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይለጠጥና ድንገት ይፈናጠራል፣ ስፖሩን ወርውሮ። ክፍሉ ውስጥ ጩኸት ነበር።

መስከረም፣ የመጀመሪያው ኪይ

የመጀመሪያው ኪይ በቅጠል አከፋፈል ነው የጀመረው፦ ያልተከፋፈለ፣ አንዴ የተከፋፈለ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ወረቀት ላይ ሲታይ ንጹህ ነው። ለክበቡ ልጆች አከፋፍዬ ያንኑ ተክል ለተለያዩ ቡድኖች ሰጠሁ፣ መልሱ ተለያየ። ያበላሸው በዋናነት አስፕሌኒየም ኤቲዮፒከም ነው። ልጅ እያለ ቅጠሉ አንዴ ብቻ ይከፋፈላል፣ ሲያድግ ሁለቴ ሦስቴ፣ ጥላ ላይ ያለው ሰፊ፣ ግንድ ላይ ደርቆ የሚኖረው ጠባብ፣ ስለዚህ ቁጥር 1 ጥያቄ ላይ ሦስት በር አለው።

ሁለተኛው ኪይ ከጀርባ ነው የሚጀምረው። ሶሪው የት ነው፣ ቅርጹ ምንድነው፣ ክዳን አለው ወይ። ክዳኑን ኢንዱዚየም ይሉታል፣ ሶሪውን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ። ይሄ ነገር ከጥላና ከእርጥበት ጋር አይቀያየርም፣ ለዛ ነው የምተማመንበት።

የሠራው አከፋፈል በአጭሩ፦

ሶሪው ጠርዝ ላይ ከሆነ የቅጠሉ ጠርዝ ራሱ ታጥፎ ነው የሚሸፍነው። እዚህ ጋ ጥፋዩን፣ ማለትም የታጠፈውን ጠርዝ፣ በመርፌ ገልጦ ማየት ነው። ከረጢቶቹ የተተከሉት ጥፋዩ ላይ ከሆነ አዲያንተም ነው፣ እዚህ ጫካ በብዛት ያለው አዲያንተም ፖይሬቲ ነው፣ ዘንጉ ጥቁር የሚያብረቀርቅ። ጥፋዩ ሥር ቅጠሉ ላይ ከሆነና ጠርዙን ተከትሎ ሳይቋረጥ ከሄደ ፕቴሪስ ነው። ጀርባው በነጭ ዱቄት ከተሸፈነ ደግሞ አሌዩሪቶፕቴሪስ ፋሪኖሳ፣ አለት ስንጥቅና ደረቅ ዳገት ላይ ፈልጉት፣ ጣት ሲነካው ነጩ ይለጠፋል።

ያልተከፋፈለ ቅጠል ያላቸው ዛፍ ላይ የሚኖሩት ሦስቱ ሁልጊዜ ይምታታሉ፣ ጀርባቸው ግን ይለያቸዋል። ፕሌዮፔልቲስ ማክሮካርፓ ትልልቅ ክብ ሶሪ፣ ወፍራም ቅጠል፣ ላዩ ላይ በሉፕ የሚታዩ ትንንሽ ክብ ቅርፊቶች። ሌፒሶረስ ኤክስካቫተስ እሱም ክብ ሶሪ ግን ቅጠሉ ስስና ለስላሳ። ሎክሶግራሜ አቢሲኒካ ሶሪው ክብ ሳይሆን ሰያፍ ረጅም መስመር ነው፣ የቅጠሉ ጅማቶችም ከውጭ አይታዩም። ሦስቱም ክዳን የላቸውም።

ጥቅምት፣ ትልልቆቹ የመሬት ፈርኖች

ከጅረቱ በላይ ባለው ጥላ ውስጥ ወገብ የሚደርሱ ፈርኖች አሉ፣ ሁሉም ሁለቴ ሦስቴ የተከፋፈሉ፣ ሁሉም ክብ ሶሪ። እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ወሰደብን።

ክዳኑ ነው መልሱ። ድሪዮፕቴሪስ ላይ ክዳኑ የኩላሊት ቅርጽ አለው፣ የተያያዘውም ስርጉዱ ላይ ነው። ፖሊስቲከም ላይ ክዳኑ ሙሉ ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ ባለች አጭር እግር ይቆማል፣ የቅጠሎቹም ጫፍ ሹል ነው፣ እጅ ይነካል። ችግሩ ያረጀ ቅጠል ላይ ክዳኑ ተጨማዶ ይረግፋል፣ ከዛ በኋላ ሁለቱም ባዶ ክብ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ያልበሰለ ሶሪ ያለው ቅጠልም አብሮ መያዝ አለበት፣ ይሄንን ደንቡ ላይ ጨመርነው።

ሦስተኛው ክሪስቴላ ዴንታታ፣ እሱም የኩላሊት ክዳን አለው፣ ድሪዮፕቴሪስ ተብሎ በቀላሉ ያልፋል። ምላጩ የመጣው እዚህ ጋ ነው፦ የዘንጉን ሥር ቆርጦ ሲያዩት ድሪዮፕቴሪስና ፖሊስቲከም ውስጥ ውሃ የሚያስተላልፉት ጅማቶች ብዙ ናቸው፣ በቀለበት የተደረደሩ ነጥቦች። ክሪስቴላ ውስጥ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ጠፍጣፋ። በተጨማሪ ቅጠሉ ላይ በሉፕ ሲታይ መርፌ የመሰለ ነጭ ፀጉር አለው። የምላጩ ሙከራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ልጆቹም አይረሱትም፣ ቢቻለኝ ኪዩን ሁሉ በሱ ነበር የምጀምረው ግን ትንንሾቹ ተክሎች ላይ አይሠራም።

የጫካው ጠርዝና የተቃጠለ ቦታ ላይ ያለው ረጅሙ ፕቴሪዲየም አኩዊሊነም ለመለየት ቀላል ነው፣ ቅጠሎቹ አንድ አንድ ሆነው ከመሬት ይወጣሉ፣ ራይዞሙ ጥልቅ ስለሆነ እሳት አይጨርሰውም። ካርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ጨምረናል፦ ለከብት መርዝ ነው፣ ካንሰር የሚያስከትል ኬሚካልም አለበት፣ ስለዚህ ቡቃያውን ማንም እንዳይቀምስ።

ኅዳር፣ አስፕሌኒየምና ስፖር መቁጠር

አስፕሌኒየምን እንደ ጂነስ መለየት ችግር የለውም። ሶሪው ጅማቱን ተከትሎ የተዘረጋ ቀጭን መስመር፣ ክዳኑ በአንድ ጎን ብቻ የተያያዘ። ከተጠራጠሩ የራይዞሙን ቅርፊት በውሃ ጠብታ ስላይድ ላይ ማየት ነው፦ የሴሎቹ ግድግዳ ጥቁር ወፍራም፣ መሃላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ልክ እንደ ወንፊት።

ዝርያው ላይ ነው ጣጣው። አንዱ አስፕሌኒየም ሞናንተስ፣ ቅጠሉ አንዴ ብቻ የተከፋፈለ፣ ዘንጉ ጥቁር ቡናማ የሚያብረቀርቅ፣ እያንዳንዷ ትንሽ ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሶረስ (የሶሪ ነጠላ) ብቻ፣ እሱም ከታችኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ። አንዳንዴ ግን ሁለት ሦስት ይኖረዋል፣ ያኔ ነው ከሌሎቹ ጋር የሚምታታው። ይህ ዝርያ የሚራባው ያለ ፅንሰት ነው፣ ከስፖሩ የሚበቅለው ጠፍጣፋ አካል እንቁላልና ወንዴ ሴል ሳይገናኙ በቀጥታ አዲስ ተክል ያወጣል። የዚህ ምልክት ስፖር ከረጢቱ ውስጥ ይታያል፦ እንደተለመደው የሚራባ ፈርን ከረጢት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 64 ስፖር አለ፣ ያለ ፅንሰት በሚራቡት ውስጥ 32።

ስለዚህ እንቁጠር አልን። ያልፈነዳ ግን የበሰለ ከረጢት መምረጥ ነው ከባዱ፣ የበሰለው ስላይዱ ላይ ሳይደርስ ይፈነዳል። ደረቅ መርፌ አልሆነም፣ የመርፌውን ጫፍ ግሊሰሪን ነክሮ ማንሳት ሠራ፣ ግሊሰሪኑ ከረጢቱን እርጥብ ስለሚያደርገው አይፈናጠርም። ከዛ አንድ ከረጢት በአንድ ግሊሰሪን ጠብታ፣ ላዩ ላይ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት)፣ በእርሳስ ጀርባ ጫን። ግሊሰሪኑን ከፋርማሲ በ150 ብር ገዛነው፣ ዓመት ይበቃል። ሞናንተስ ብለን ከያዝናቸው የቆጠርነው ወደ 32 ነው የመጣው፣ ኤቲዮፒከሙ ወደ 64። አንድ ሁለት ስፖር ሌላው ሥር ስለሚደበቅ ቁጥሩ ትንሽ ያንሳል፣ ግን 32 እና 64 በጣም ስለሚራራቁ ልዩነቱን አያጠፋውም። ይሄን ቀን አልረሳውም፣ በዓይን የማይታይ ነገር በመቁጠር ብቻ ተክሉ እንዴት እንደሚወልድ ማወቅ ማለት ነው።

ከሁለቱም ስፖር ዘርተን ተከታተልን። ክዳን ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ የምግብ ዕቃ ውስጥ አፈር፣ ላዩ ላይ ስፖር፣ መስኮት አጠገብ ጥላ ላይ። የፈላ ውሃ ብቻ ያፈሰስንበት አፈር ሻጋታና ሞስ (እርጥብ ቦታ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለብሰው ደቃቅ አረንጓዴ ተክል) በላው፣ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ የቀቀልነው ንጹህ ሆነ። መጀመሪያ አረንጓዴ ሽፋን፣ ከዛ ጥፍር የማታክል የልብ ቅርጽ። ቡቃያ ቀድሞ ያወጣው ሞናንተሱ ነው። ዕቃው ውስጥ ራሱ ለፅንሰት የሚበቃ ጤዛ ስላለ ይሄ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፣ ከቁጥሩ ጋር ሲደመር ግን ይስማማል።

ታኅሣሥ፣ የስም ጉዳይ

ዋናው መጽሐፋችን የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ 1ኛ ቅጽ ነው፣ ከላይኮፖዲያሲ እስከ ፒናሲ ያሉትን ቤተሰቦች የያዘው፣ የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከአብዛኞቹ ቅጾች በኋላ። ያለ እሱ ይሄ ሥራ አይታሰብም። ከዛ ወዲህ ግን የዲኤንኤ ጥናት ብዙ ስም አንቀሳቅሷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለም ላይ ያሉ የፈርን ተመራማሪዎች በጋራ ያወጡት ፒፒጂ አንድ የሚባለው ምደባ 11,916 ዝርያ በ337 ጂነስና በ51 ቤተሰብ አስቀምጧል።

ምሳሌ፦ ባለ ነጭ ዱቄቱ ፈርን በብዙ ጽሑፍ ኬይላንተስ ፋሪኖሳ ነው፣ አሁን አሌዩሪቶፕቴሪስ ፋሪኖሳ። መጀመሪያ በ1775 እ.ኤ.አ. ሲታተም ደግሞ ፕቴሪስ ነበር የተባለው፣ የገለጸው ፎርስካል የመን ውስጥ በ1763 ሞቶ ሥራው ከሞተ በኋላ ነው የወጣው። ሌፒሶረሱም ቀድሞ ፕሌዮፔልቲስ ነበር። ልጆቹ "ታዲያ የቱን እንያዝ" ብለው ጠየቁ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የወሰንነው ካርዱ ላይ ሁለት መስመር፦ ከላይ አሁን የሚሠራበት ስም፣ ከታች በድሮ መጽሐፍና በሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማከማቻ) ናሙና ላይ የሚገኘው ስም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ሄዶ ናሙና ማመሳከር የሚፈልግ ሰው የድሮውን ስም ካላወቀ ፎልደሩን አያገኘውም።

ኪዩን ግን በቤተሰብ አላደራጀነውም፣ በሚታይ ምልክት ብቻ ነው። ስሙ ሲቀየር ሌብሉ ይቀየራል፣ ኪዩ አይነካም።

ጥር፣ ዘመዶቹ

በድሮው አከፋፈል "የፈርን ዘመዶች" ተብለው አንድ ላይ የሚታሰሩት ነበሩ፦ ሴላጂኔላ፣ ላይኮፖዲየም፣ ኢኩዊሴተም። ይሄ ጥቅል አሁን ፈርሷል፣ ካርዱ ላይም ለያይተናቸዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የፕራየርና የባልደረቦቿ ጥናት ኢኩዊሴተም ከፈርኖች ጋር አንድ ቡድን መሆኑን አሳየ፣ ያ ቡድን ደግሞ ከሌሎች ሕያው ዕፅዋት ሁሉ ይልቅ ዘር ላላቸው ይቀርባል። ሴላጂኔላና ላይኮፖዲየም ሌላ፣ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የተለየ መስመር ናቸው።

በእጅ ሲለዩ፦ ሴላጂኔላ ሞስ ይመስላል፣ ብዙ ሰው ሞስ ብሎ ያልፈዋል። ትንንሽ ቅጠሎቹ አንድ ያልተከፋፈለ ጅማት ብቻ አላቸው፣ ስፖር ከረጢቱ ቅጠሉ ጀርባ ላይ ሳይሆን በቅጠሉና በግንዱ መሃል ብብት ላይ ነው፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ። ከረጢቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ትልልቅ ስፖር ያላቸውና ደቃቅ ያላቸው፣ ትልልቆቹ በ10 ጊዜ ሉፕ እንኳ ይታያሉ። ኢኩዊሴተም ራሞሲሲመም ወንዝ ዳር አሸዋማ ቦታ ላይ ነው፣ ባዶ ባለ አንጓ ግንድ፣ ሲሊካ ስላለው ሲዳስሱት ይሻክራል፣ አንጓው ላይ ሲስቡት ብጥስ ይላል። ጫካው ውስጥ ስላላገኘነው ካርዱ ላይ "ለማነጻጸር" በሚል ገባ።

በተቃራኒው የአበባ ሻጮች እቅፍ ውስጥ የሚያስገቡት ላባ የመሰለው አረንጓዴ ፈርን ተብሎ ይሸጣል እንጂ ፈርን አይደለም፣ አስፓራገስ ነው፣ ያብባል ያፈራል፣ የሴት ቀስት ከሚባለው ጋር አንድ ጂነስ። ልጆቹ ገዝተው አምጥተውት ነበር፣ ጀርባው ላይ ሶሪ ፈልገው ሲያጡ ራሳቸው ደረሱበት።

የዛፍ ፈርንስ ብለው ለጠየቁኝ፦ አልሶፊላ ማኒያና አለ፣ ግን የደቡብ ምዕራብ እርጥብ ጫካ ነው፣ ከፋ አካባቢ። ይሄኛው ካርድ አይሸፍነውም።

የካቲት፣ ሁለተኛው ሙከራና ኅትመት

አዲሱን ኪይ ፈርን አይተው ለማያውቁ የ9ኛ ክፍል ልጆች ሰጠን። ጂነስ ላይ አብዛኞቹ ቡድኖች ተስማሙ። የተሰናከሉት ሁለት ቦታ ነው። አንዱ "ክዳን አለው ወይስ የለውም" ላይ፣ ያረጀ ቅጠል የያዙት፣ ስለዚህ ጥያቄው አሁን "ያልበሰለ ሶሪ ፈልግ፣ ክዳን አለው?" ሆኗል። ሌላው ስፖር የሌለው ቅጠል የያዙት ናቸው፣ ለነሱ ኪዩ መጀመሪያ ላይ "ሶሪ ከሌለው ሌላ ቅጠል ፈልግ፣ ከሌለ እዚህ አቁም" የሚል ጨመርን። ያለ ሶሪ እየገመቱ መቀጠል የውሸት ስም ነው የሚያመጣው።

ካርዱ ኤፋይቭ፣ ሁለት ገጽ ከለር፣ ላሚኔት የተደረገ፣ አንዱ 65 ብር ወጣ። ላሚኔቱ የግድ ነው፣ ሱባ በክረምት ወረቀት አይችልም። ጀርባው ላይ የሴንቲሜትር ማስመሪያ አሳተምን፣ ፎቶ ሲነሳ ተክሉ አጠገብ ይቀመጣል።

ያልተዘጋ ጉዳይ፦ ኤቲዮፒከም ብለን ከያዝናቸው ውስጥ ሁለት መልክ አለ፣ አንዱ ትልቅ፣ ራይዞሙ አጭር፣ መሬት ላይ፣ ሌላው ትንሽ፣ ግንድ ላይ። ይህ ዝርያ የክሮሞዞም ብዛታቸው የሚለያይ ዓይነቶችን የያዘ ስለሆነ መልኩ ብቻ አይበቃም። ክሮሞዞም መቁጠር አንችልም፣ የስፖር ርዝመትና የቅጠል ቀዳዳ ሴሎችን መለካት ግን እንችላለን፣ የክሮሞዞም እጥፍ ሲጨምር ሁለቱም ይተልቃሉና። ለቀዳዳው ቅጠሉ ጀርባ ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀብቶ ሲደርቅ በስኮች ልጦ ስላይድ ላይ መለጠፍ ነው፣ ሞክረነዋል ጥርት ብሎ ይታያል። ስፖሩ የተጨማደደና መጠኑ የተዘበራረቀ ከሆነ ደግሞ ድቅል ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይቀመጣል። የመለኪያ ስላይድ ለጊዜው ከዩኒቨርሲቲ በውሰት ተገኝቷል፣ ሁለቱንም መልክ ከአንድ ዳገት ላይ ሰብስበን ልኬቱ እስኪያልቅ ካርዱ ላይ "ኤቲዮፒከም፣ ቡድን" ብቻ ይላል።